ድራሜ የጠፋበት አልበም

እኔ ስናደድ ጆሮዬ ይግላል። ቤተሰቦቼ ያውቁታል፤ ጆሮዬን በእጄ መያዝ ከጀመርኩ አጠገቤ የሚደርስ የለም። ይህንን ስጽፍላችሁም በአንድ እጄ ጆሮዬን ይዤ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ አነጋገሬ ከሻከረባችሁ ቅር አይበላችሁ። ነገሩ ካለፈ ከርሟል፤ ንዴቱ ግን ወይ ፍንክች።

ሰናይት እባላለሁ። ኮሮና ገብቶ ሁሉን ነገር ባዘጋጋበት ሰሞን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም የአረጋውያን ተንከባካቢ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ደግሞ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ድራም እመታለሁ። መጀመሪያ ላይ "ሴት ልጅ? ድራም?" ያሉ ነበሩ፤ ሰሚ ሲያጡ ተዉት።

ጊታር የሚጫወተው የአክስቴ ልጅ ቢኒያም ነው። በዲቪ መጥቶ ዌርሃውስ፣ የእቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራል፤ ብሌንደን ታውንሺፕ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ስለ ቢኒ አንድ ነገር ካላወቃችሁ የሚቀጥለው ታሪክ አይገባችሁም። ቢኒ ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። አንድ ሽማግሌ "ቤቴን ቀለም ብትቀባልኝ" ብለውት ወገቡን እያመመው ብቸኛ የእረፍት ቀኑን እያጠፋ ቀብቶላቸዋል። ሰው ቤት "በሞቴ" ካሉት እየታመመ ይበላል። "አንተ ልጅ፣ ለምን አልችልም አትልም?" ስለው "ነውር ነዋ ሰኒዬ" ይለኛል። ይሉኝታ እኔ ጋ ሲደርስ አልቆ እሱ ጋ የተትረፈረፈ ይመስለኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን የምትከራየው አዳራሽ ሲዘጋ እቃዎቹ በሙሉ ዌስተርቪል፣ ጋሼ ደረጀ ጋራዥ ውስጥ ገቡ። ጋሼ ደረጀ የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርዲስት ናቸው። ኪቦርዲስት ስላችሁ ዝም ብሎ ኪቦርድ የሚነካ ሰው እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ ኪቦርዲስት ማለት ባንዱ ራሱ ነው። ቤዙን በግራ እጁ፣ ቫዮሊኑን በቀኝ እጁ፣ ዋሽንቱን በአንድ ቁልፍ፣ ከበሮውን በሌላ ቁልፍ። ዘማሪው ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ ክፍተቷን ይሞላታል። መሃል ላይ ዝምታ ከተሰማ ኪቦርዲስቱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

እኔና ቢኒ የጀመርነው ነገር ደግሞ ዝምታ የበዛበት ነበር። ፍራንክሊንተን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሊፈርስ የተወሰነበት አሮጌ ወርክሾፕ ነበረው፤ እስኪፈርስ ድረስ ተጫወቱበት ብሎ ሰጠን። የእኔን ሁለተኛ እጅ ድራምና የቢኒን አምፕ፣ የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ ወስደን ገባን። ቤዝ የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ ተቀባይ የለ። ጊታርና ድራም፣ አለቀ። ቢኒ ጊታሩን እንደ ክራር ይቃኘውና ስፒከሩ በተቀደደው አምፕ እያስጮኸ በሻካራ ድምፁ ይዘፍናል፤ እኔ ከሥር እቀጠቅጣለሁ። ፈረንጁ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሰማንና "ይሄማ ብሉዝ ነው... አይ፣ ፓንክ ነው" ብሎ ከራሱ ጋር ተከራክሮ ሄደ። እኛ የሙዚቃውን ስም አናውቅም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሰሙ ደግሞ "ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር?" ይሉናል። ጩኸት ነው እላቸዋለሁ።

አልበም እንሠራለን አልን። ዘጠኝ ዘፈን ነው፤ ከዘጠኙ አንዷ "መስኮት" ትባላለች። ስለ እሷ መንገር አለብኝ።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ አንዲት የምንከባከባት አሮጊት ነበረች። ሚስ ሩት ልበላት፣ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ጠያቂ መግባት ተከልክሎ ስለነበር ልጇ በየቀኑ ውጭ ቆማ መዳፏን መስታወቱ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔ ደግሞ የእናትየዋን እጅ አንስቼ ከውስጥ አስነካዋለሁ። አንድ ጠዋት ስገባ ሚስ ሩት አርፋለች። ልጇ ውጭ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋን እያቆመች ነው። ሱፐርቫይዘሬ በበሩ ብቅ ብላ "ሰናይት፣ አልጋውን ቶሎ አዘጋጂው፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው" አለችኝ። አንሶላውን ቀየርኩ። ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ አላየሁም።

በዚያው ቅዳሜ ፍራንክሊንተን ስንገናኝ ለቢኒ ነገርኩት። ጊታሩን አነሳ። ያን ቀን ድራሙን አልመታሁትም፣ ደበደብኩት። መሃል ላይ ስቲኬ፣ መምቻ ዱላዬ፣ ቋ! ብሎ ለሁለት ተሰበረ። አላቆምኩም። በስባሪው ቀጠልኩ፣ መዳፌ ተላጠ። ቀረጻው ላይ ሲሰበር ይሰማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ድራሙ ያነክስ ነበር፤ ቢኒም እኔን ለመጠበቅ ይዘገይ ነበር። ሲያልቅ ቢኒ መቅረጫውን ዘጋ።

"ይቺን ድጋሚ አንነካትም" አለ።

"አንነካትም" አልኩ።

የቀዳነው ጋሼ ደረጀ ባዋሱን ማይክና ላፕቶፕ ነው። ስንጨርስ ላፕቶፑን መለስኩላቸውና "ጋሼ፣ ድምፁን ብቻ ያመጣጥኑልን፣ ሌላ ምንም አንፈልግም" አልኳቸው። "ምን ችግር አለ ልጄ" አሉኝ። ለራሳችን ቅጂ አላስቀረንም። ጋሼ ደረጀን ማን ይጠረጥራል? ብዙም ሳይቆይ ወርክሾፑ ፈረሰ፤ ቦታውን ለኮንዶ አጠሩት።

ክትባቱ ከመጣ በኋላ በነበረው ሰመር ጋሼ ደረጀ ኮል አደረጉልኝ። "ሰኒ ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከቢኒያም ጋር ኑ። ሰርፕራይዝ አለኝ" አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። ለቢኒ ስነግረው "እህ... እሺ" ብሎ ስልኩን ማየት ቀጠለ። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ስንደርስ ከቤቱ ፊት ያለው ድራይቭዌይ በመኪና ተሞልቷል። ገና መኪናዬን ሳቆም ከኋላዬ ሌላ ሁለት መጥተው ዘጉኝ። የጋራዡ በር ተከፍቶ ሰው ውስጥም ውጭም በሚታጠፍ ወንበር ተራርቆ ተቀምጧል፤ ማስኩ አገጭ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በዙም ብቻ የተያየ ሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ መተቃቀፍ አማረው፣ ፈራ፣ በክርን ተነካካ፣ ሳቀ። የጋሼ ባለቤት እትዬ መሠረት ሳምቡሳ ያዞራሉ። ጋራዡ ጥግ ላይ የቤተ ክርስቲያን ድራም አንሶላ ለብሶ ቆሟል።

ጋሼ ደረጀ ተነሱ። "ወገኖቼ፣ እነዚህ ሁለት ልጆቻችን በዚያ በጨለማ ጊዜ ቁጭ ብለው አልተከዙም፤ አልበም ሠሩ! እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ ሳምንታት ሙሉ ለፍቼ አሳመርኩላቸው። የመጀመሪያ ሰሚዎቹ እናንተ ናችሁ" አሉ። ተጨበጨበ። እኔም፣ ሞኟ፣ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

ከስፒከሩ መጀመሪያ የመጣው ቫዮሊን ነው።

ቫዮሊን! የሌላ ሰው ፋይል ከፍተዋል ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ዋሽንት መጣ። ቀጥሎ የቢኒ ድምፅ፤ ሻካራው ሁሉ ተልጦ፣ እንደ ድንች ልስልስ ብሎ። አሁን ድራሜ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። የገባው ማሽን ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሁለተኛው ዘፈን መጣ፣ ጧ ጧ። ሦስተኛው መጣ። አልበሙ ላይ እኔ የለሁም። አንድም ቦታ የለሁም።

ጆሮዬ መጋል ጀመረ። ቢኒን አየሁት፤ ጫማውን እያየ ነው።

ቀጥሎ "መስኮት" መጣች። እናንተዬ፣ ፈጥናለች! እሑድ ጠዋት ሰው ተነስቶ እንዲያሸበሽብ በሚመታው ምት አድርገዋታል። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ስቲኬ የተሰበረበት ቦታ ሲደርስ የኪቦርድ መለከት ገባ፤ ከኋላ ያሉ አንዲት እናት እልል አሉ። እልል! ሚስ ሩት ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ አንሶላው ላይ እልል! እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ብው አልኩ።

"አጥፉልኝ!" ብዬ ተነሳሁ። "ኧረ አጥፉልኝ!"

ጋሼ ደነገጡና አቆሙት። "ምነው ልጄ?"

"ጋሼ፣ ድራሜ የታለ?"

"አለ እኮ፣ ሲመታ አልሰማሽም?"

"ይሄ የእኔ አይደለም።"

"አዎ፣ ያንቺማ ጎርበጥ ጎርበጥ ይል ነበር" አሉኝ በደግነት፤ የሚያበሽቀው ደግነታቸው እኮ ነው። "አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያነክሳል። ዱላ ነገር ሲሰበርም ይሰማ ነበር። ሁሉንም በማሽን ተካሁት፤ አሁን እንደ ሰዓት ነው። ባዶ ባዶ የሚለውንም ሞላሁላችሁ።"

"የቀዳነው ዋናውስ?"

"አሮጌው? አጠፋሁት እንጂ። ኮምፒውተሩን ሞልቶ አላሠራ አለኝ።"

ክው አልኩ። የተሰበረው ስቲክ፣ የተላጠው መዳፌ፣ ፍራንክሊንተን የፈረሰው ቤት፣ ሁሉም ኮምፒውተሩን ስለሞላ ጠፍቷል።

"ማን ፈቀደልህ?" አልኩ።

"ልህ" ነው ያልኩት። እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሰዉ በአንድ ጊዜ "ኧረ!" አለ። እትዬ መሠረት የሳምቡሳውን ትሪ እንደያዙ "ሰናይት! ጋሼሽን እኮ ነው!" ብለው ጮሁ።

ጋሼ ፊታቸው ቀላ። "ቢኒያም ፈቅዶልኛል" አሉ።

ዞርኩ። "ቢኒ?"

"ኮል አድርገውልኝ... ትንሽ ላስተካክለው ወይ አሉኝ" አለ ቀና ሳይል። "እሺ አልኩ።"

"ድራሟን ላውጣው ሲሉህስ?"

"እሺ አልኩ።"

"መስኮትንስ?"

ማስኩን ወደ አፍንጫው ሳበ።

"መስኮትንስ ቢኒያም?!"

"ምን ልበላቸው ሰኒዬ? ማይኩን የሰጡን እሳቸው፣ የሚለፉልን እሳቸው... እንዴት ብዬ ፊታቸውን አያለሁ?"

"የእኔን ፊትስ እንዴት ልታይ ነው?" ድምፄ ጎረቤት ድረስ እንደተሰማ አልጠራጠርም። "እኛ ሁለት ሰው ነን! እኔን ስታወጣኝ የቀረው አልበም አይደለም፣ አንተ ብቻህን ነህ! አንነካትም አላልክም? ከአፍህ አልወጣም?"

ቁልፌን ከቦርሳዬ አወጣሁና ወደ መኪናዬ ነጎድኩ። በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ሁለቱ መኪናዎች እንደዘጉኝ ናቸው። ወይ መከራዬ! አንዱ ሰው "ላንሳልሽ?" ብሎ ቁልፉን ሲፈልግ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ፣ ጃኬቱን ዳበሰ፣ ጠፋው። መሪውን ይዤ ተንጨረጨርኩ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ።

ቀጥ ብዬ ጋራዡ ውስጥ ገባሁ። ከድራሙ ላይ አንሶላውን ገፈፍኩት። የገፈፍኩት አንሶላ በእጄ ሲቀር የሚስ ሩት አልጋ ትዝ አለኝ፤ መሬት ላይ ጣልኩት። ስቲክ አነሳሁ።

"ልጄ ተይ፣ ጎረቤት አለ" አሉ ጋሼ።

ቢኒን አየሁት። "ጊታርህን አንሳ።"

በእኔና በጋሼ መሃል ቆሟል። አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ እኔ ያያል። የቤተ ክርስቲያኑ ጊታር አጠገቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል።

"ቢኒያም፣ አንተ እንኳን አስተዋይ ነህ፤ እህትህን አረጋጋት እንጂ" አሉ እትዬ መሠረት።

መምታት ጀመርኩ። "መስኮት" የምትጀምረው በድራም ብቻ ነው፤ ከዚያ ጊታሩ ይገባል። የሚገባበት ቦታ ደረሰ። አልገባም። እንደገና ከመጀመሪያው ዞርኩ። አልገባም። ሰው መነሳት ጀመረ፤ ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ፤ አንዳንዱ ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። እንደገና ዞርኩ። ክንዴ መዛል ጀመረ፤ እንባዬ እየወረደ ነው፤ የንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ካልገባ በዚያችው ሰዓት እኔና ቢኒ አለቀልን። አልበሙ ብቻ አይደለም፤ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ከእሱ ጋር የምኖርበት ፊትም አይኖረኝም ነበር።

ያኔ ከኋላዬ ክር ሲጠብቅ ሰማሁ። እንደ ጉንዳን ድምፅ ትንሽ ናት፤ ግን አወቅኳት። ጊታሩን ከግድግዳው አውርዶ እንደ ክራር እየቃኘው ነው።

ገባ። አምፑን እስከ ጥግ ከፍቶ ገባ። እትዬ መሠረት "ኧረ በኢየሱስ ስም! ጎረቤት!" እያሉ የጋራዡን በር ጎትተው ዘጉት። ውስጥ ሦስት ሰው ቀረን፤ እኔ፣ ቢኒና ጋሼ ደረጀ። ጋሼ ኪቦርዳቸው አጠገብ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። "መስኮት" ስታልቅ ወደ እሳቸው ዞር አላልኩም፤ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ገባሁ። መሃሉ ላይ ቀና ስል አንድ ማይክ አምጥተው እኔና ቢኒ መሃል ሲያቆሙ አየሁ። አንድ ብቻ። ላፕቶፑን ከፈቱና ቀይዋን የመቅረጫ ቁልፍ ተጫኑ። ይቅርታ አላሉኝም። እኔም ስለዚያች "ልህ" ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም።

ዘጠኙንም ተጫወትናቸው። በየመሃሉ ቢኒን እሰድበው ነበር፤ ቀረጻው ላይ አለ፤ "ፈሪ!" ስለው፣ እሱ "አዎ" ሲል፣ "ዱሮም አንተን ማመን!" ስለው፣ "አዎ፣ ቀጥይ" ሲል ይሰማል። "መስኮትን" መጨረሻ ላይ ደገምናት። የፍራንክሊንተኗን አትመስልም። ስቲክም አልተሰበረም፤ አንዴ የተሰበረ ስቲክ በትእዛዝ ድጋሚ አይሰበርም። ግን እጁ የእኔ ነው። ሲፈጥንም እኔ ነኝ፣ ሲያነክስም እኔ ነኝ።

የመጨረሻው ሲምባል፣ የድራሙ የነሐስ ሳህን፣ ድምፁ እየሞተ፣ እየሞተ ሄዶ ዝም ሲል ሦስታችንም አልተነቃነቅንም። ረጅም ዝምታ ነበር። ጋሼ ደረጀ ዝምታ አይችሉም።

"ጥሩ ነው ልጆቼ" አሉ ቀስ ብለው። "እውነት ጥሩ ነው። ከሥሯ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ኪቦርድ ብጨምርባት..."

አፌን ከፈትኩ። ከእኔ በፊት ግን ሌላ ሰው ቀደመኝ።

"እምቢ" አለ ቢኒ።

እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ራሱም የደነገጠ መሰለኝ። "ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን እምቢ" ብሎ ደገመው። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ቀይዋን አጠፏት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ታርቀን ተቃቅፈን ተላቀስን ብዬ እንድጨርስላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ቢኒን ለሳምንታት አላናገርኩትም፤ ወጥ ሠርቼ ለራሴ ብቻ እበላ ነበር። የጠፋው ቀረጻ ጠፍቷል፤ እሱን ሳስብ ዛሬም ቆሽቴ ያራል። ሳይጠይቀኝ የሚያስተካክለኝ ሁሉ፣ ለእኔ ብሎ፣ ወዶኝ፣ ለፍቶልኝ የሚያጠፋኝ ሁሉ ጆሮዬን ያግለዋል። ክፉ ሰው ቢሆን ምን ችግር ነበረው? ደግ ሰው ነው የሚያስቸግረው፤ ምክንያቱም እሺ ያሰኛችኋል፣ እሺታችሁን ይዞ ይሄዳል፣ ሲመለስ እናንተ የላችሁም። እናንተም ቤት እንደ ቢኒ ያለ ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ምናልባት አሁን ይህንን የሚያነበው ራሱ ነው። አንተ ልጅ፣ ስማኝ፤ ነውር አይደለም።

የተቀየረውን ከጠየቃችሁኝ ይኸው። ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ያው ሥራ፣ ያቺው ሱፐርቫይዘር ነበረች። ሌላ አዛውንት ሲያርፉ ያንኑ "አልጋውን ቶሎ አዘጋጂው" አለችኝ። ጠያቂ መግባት ተፈቅዶ ነበር፤ ልጃቸው መንገድ ላይ ነው። "ልጁ ሳያያቸው አንሶላ አልነካም" አልኳት። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እኔም አፈጠጥኩባት። ልጁ መጣ፣ ገባ፣ የአባቱን እጅ ይዞ እስኪበቃው ተቀመጠ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

አልበሙን እንዳለ አወጣነው፤ ከነስድቡ፣ ከነጩኸቱ፣ በአንድ ማይክ። ብዙ ሰው አልሰማውም፤ የሰማውም ግማሹ አልወደደውም። ከመውጣቱ በፊት ግን ጋሼ ደረጀ ቢኒ ጋ ኮል አድርገው ነበር። ኩሽና ቆሜ ስለነበር ስፒከር ላይ ሰማኋቸው።

"ልጄ፣ ሌላውን አልነካሁም፣ እግዜር ያያል" አሉት። "መጨረሻ ላይ ያለችዋን የእምቢታህን ቃል ግን... ሰው ምን ይለኛል? እሷን ብቻ ልቁረጣት?"

ቢኒ እኔን አየኝ። እኔ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ፤ ይሄ የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው።

አልበሙን እስከ መጨረሻው ብታዳምጡት፣ ሲምባሉ ካለቀ በኋላ ያለውን ረጅም ዝምታ ታገሱት፤ ቃሏ እዚያው ናት።